ከማኅተሙ ጀርባ፦ ለቤተ ክርስቲያን ሽማግሌዎችና ለምእመናን የተጻፈ ግልጽ ደብዳቤ

የተከበራችሁ ሽማግሌዎችና አገልጋዮች፣ ውድ ወንድሞችና እኅቶች፣ ሰላም ለእናንተ ይሁን።

የቤተ ክርስቲያን ጸሐፊ ነኝ። ከዐሥር ዓመት በላይ ሆኖኛል። ይህን ደብዳቤ የምጽፈው አንድ ስብሰባ ላይ የተነገረች ቃል እስከ ዛሬ ከጆሮዬ አልወጣ ስላለችኝ ነው። አጀንዳው ለጽሕፈት ቤቱ ረዳት ይመደብ ወይስ አይመደብ የሚል ነበር። አንድ የማከብራቸው ወንድም «ቢሮው እኮ ስልክ ማንሳትና ደብዳቤ መጻፍ ነው፤ ለዚህ ሁለት ሰው ምን ያደርጋል?» አሉ። ክፉ አስበው አይደለም። ብዙ ሰው የሚያስበውን ነው የተናገሩት። ቃለ ጉባኤ የምይዘው እኔ ነበርኩና እስክሪብቶዬ ቆመ። ቃለ ጉባኤ ላይ የሚሰፍረው ፍሬ ሐሳቡና ውሳኔው ነው እንጂ ሰው ያለው ሁሉ አይደለም፤ ስለዚህ አልጻፍኩትም። «ጉዳዩ ለሚቀጥለው ስብሰባ ተላልፏል» ብዬ ዘጋሁት።

ያን ቀን ያልመለስኩትን ዛሬ ልመልስ። የምመልሰው ለሳቸው ብቻ አይደለም። በየትኛውም አገር፣ በየትኛውም ቤተ እምነት ቢሮ ውስጥ ማኅተምና መዝገብ ይዛ ወይም ይዞ ለሚቀመጥ ሰው ሁሉ ነው።

እሑድ ጠዋት ስትገቡ ሁሉም ነገር ቦታ ቦታውን ይዟል። ማስታወቂያው ታትሟል፣ እንግዳው ሰባኪ የሚቀበለውን ሰው ያውቀዋል፣ የማይኩ ባትሪ ተቀይሯል፣ የልጆች ክፍል ቁልፍ አስተማሪዋ እጅ ገብቷል፣ ከሰዓት አዳራሹን የፈለጉት ሁለት ቡድኖች ሰዓት ተካፍለው ተስማምተዋል። ይህ ሁሉ ማክሰኞ የተጀመረ ሥራ ነው። አንዳንዱ ደግሞ ቅዳሜ ማታ በሦስት ሰዓት «እኅቴ፣ ይቺን ማስታወቂያ ብቻ ጨምሪልኝ» በሚል ስልክ እንደገና ይጀመራል። ይቺ አንዷ ማስታወቂያ ስትገባ ሌላው መስመር ወደ ሁለተኛ ገጽ ይሄዳል፣ ወደ ሁለተኛ ገጽ ከሄደ ወረቀቱ አይበቃም። በዚህ ላይ ብዙ አላወራም። የተሳካለት የጸሐፊ ሥራ አይታይም፤ የሚታየው ሲበላሽ ነው።

ብዙ ላወራበት የምፈልገው ስለ ስም ነው።

አንድ ቀን አንዲት እናት መጡ። ባለቤታቸው ካረፉ ጥቂት ወራት ሆኗቸዋል። የጋብቻ ማስረጃቸው ጠፍቶባቸዋል፣ የሚጠይቃቸው መሥሪያ ቤት ደግሞ ያለ ማስረጃ አላስተናግድም ብሏቸዋል። የተጋቡት እኛ ቤተ ክርስቲያን ነው፣ እኔ ከመወለዴ በፊት። ኮምፒውተሩ ላይ ስማቸውን ጻፍኩ። «አልተገኘም» አለ። የባላቸውን ስም ጻፍኩ። እሱም የለም። ፊታቸውን ሳየው እኔ ራሴ ደነገጥኩ፤ ልክ ጋብቻው ራሱ የለም የተባሉ ያህል ነበር የሆኑት።

አማርኛ የሚጽፍ ሁሉ ይህን ችግር ያውቀዋል። ኃይሉ በስንት ዓይነት ይጻፋል? በኃ፣ በኀ፣ በሀ፣ በሃ፣ በሐ። ፀሐይን በፀ የሚጽፍ አለ፣ በጸ የሚጽፍ አለ፣ መካከል ላይ ያለውን ሐ ደግሞ ሀ ወይም ሃ የሚያደርግ አለ። ዓለሙ አለሙ ይሆናል፣ ሥላሴ ስላሴ ይሆናል። ሰው ሲያነበው ሁሉም አንድ ነው፤ ኮምፒውተር ግን ፊደሉ ካልገጠመለት ሰውየውን አያውቀውም። የሴትየዋ ስም በፀ ይጀምራል፣ መዝገቡን ወደ ኮምፒውተር ያስገባው ሰው በጸ ነው የጻፈው። ይህንንም ያወቅኩት ወደ ጓዳው ገብቼ ትልቁን ባሕር መዝገብ አውርጄ፣ ሁለት ሰዓት ያህል ገጽ በገጽ በጣቴ ከሄድኩ በኋላ ነው። ጠርዙ የተበላ፣ ቀለሙ ወደ ቡና ዓይነት የሄደ መዝገብ ነው። ማኅተሙ ደብዝዟል። የሁለቱም ፊርማ ግን አለ።

መዝገቡን አዙሬ አሳየኋቸው። መነጽራቸውን ፈልገው አደረጉ። የባላቸው ፊርማ ላይ ጣታቸውን አስቀመጡና ብዙ ቆዩ። «እጁ ነው» አሉ። ሌላ ምንም አላሉም። እኔም ሌላ ስልክ አላነሳሁም።

ያ ከሰዓት በየትኛው ሪፖርት ላይ ይገባል? «አንድ ማስረጃ ተሰጠ» ተብሎ በአንድ ቁጥር ያልፋል። ስለዚህ ነው የሥራዬ ብዛት በደብዳቤ ቁጥር ሲለካ የሚያመኝ።

ከዚያ ወዲህ የራሴን ዘዴ አውጥቻለሁ። ሰው ሲመዘገብ ስሙን በራሱ እጅ እንዲጽፍልኝ አደርጋለሁ፣ ማውጫው ላይ ደግሞ ሌላውንም አጻጻፍ ጎን ለጎን አስገባለሁ። ጊዜ ይወስዳል። ግን ነገ እኔ ሳልኖር የሚመጣ ሰው «አልተገኘም» ከመባል ይድናል። መጽሐፈ ዕዝራ ምዕራፍ 2 ላይ ከምርኮ የተመለሱ የካህናት ወገኖች ስማቸውን ከትውልድ መዝገቡ ፈልገው ሲያጡ ከክህነቱ እንደተለዩ ተጽፏል። ያን ክፍል ሰባኪ ሲያልፈው አይቻለሁ፣ የስም ዝርዝር ስለሆነ። እኔ ግን ባነበብኩት ቁጥር ያ መዝገብ የጠፋው በማን እጅ ነው እላለሁ።

መዝገብ መያዝ ተራ ነገር ከሆነ የቀደሙት ሰዎች ይህን ያህል ባልተጨነቁበት ነበር። እንግሊዝ አገር እ.ኤ.አ. በ1538 የንጉሥ ሄንሪ ስምንተኛ ሹም የነበረው ቶማስ ክሮምዌል ለየአጥቢያው ያወጣው ትእዛዝ አለ። እያንዳንዱ አጥቢያ የጋብቻ፣ የጥምቀትና የቀብር መዝገብ ይኑረው ይላል። መዝገቡ ሁለት መቆለፊያ ባለው ሣጥን ይቀመጥ፤ የአንደኛው ቁልፍ በካህኑ፣ የሁለተኛው በአጥቢያው ተጠሪዎች እጅ ይሁን። በየእሑዱ ሣጥኑ ይከፈትና የሳምንቱ በእነሱ ፊት ይጻፍ። የካቶሊክ ቤተ ክርስቲያንም እ.ኤ.አ. በ1563 በትሬንት ጉባኤ እያንዳንዱ የአጥቢያ ካህን የተጋቢዎቹንና የምስክሮቹን ስም፣ ቀኑንና ቦታውን በመዝገብ እንዲይዝ አዘዘ።

ከዚህ ውስጥ እኔን የሚይዘኝ የእንግሊዙ ታሪክ ቀጣዩ ክፍል ነው። የመጀመሪያዎቹ መዝገቦች ብዙዎቹ በወረቀት የተጻፉ ስለነበሩ እ.ኤ.አ. በ1598 ወደ ብራና እንዲገለበጡ ታዘዘ። ትእዛዙ ግን አጥብቆ የጠየቀው ከ1558 ወዲህ ያለውን ነበር። ስለዚህ ብዙ አጥቢያ ከዚያ በፊት የነበረውን 20 ዓመት ሳይገለብጥ ተወው። የእነዚያ ዓመታት ሙሽሮች፣ ሕፃናትና ሙታን በብዙ ቦታ ዛሬ አይገኙም። ጦርነት አይደለም ያጠፋቸው። አንድ ሰው ደክሞት ወይም ጊዜ አጥቶ «ይሄኛው ይቅር» ስላለ ነው።

እኔም እንደዚያ ያልኩበት ቀን አለ። ልናገረው።

ቀብር ነበር። ማታ ነው የተነገረኝ፣ ሥርዓቱ በማግስቱ ነው። የሟቹ የሕይወት ታሪክ መታተም ነበረበት። የወንድማቸው ልጅ በስልክ እያነበበልኝ እኔ እየጻፍኩ፣ መስመሩ እየተቆራረጠ፣ ሌሊቱ እየገፋ። ሲጨርስ መልሼ ላነብለት ይገባ ነበር። ደክሞኛል፣ እሱም አልቅሶ አልቅሶ ድምፁ ጠፍቷል፣ ይቅር አልኩ። በነጋታው ሁለት መቶ ወረቀት ታተመ፣ ታጠፈ፣ ታደለ። ሥርዓቱ ካለቀ በኋላ አንዲት ሴት ወረቀቱን አራት ቦታ አጥፋ ይዛ ወደ ቢሮ መጣች። ከሩቅ ነው የመጣችው፣ ሻንጣዋን እንኳ አላሳረፈችም። ሟቹ ስምንት ልጆች አሏቸው። እኔ ሰባት ጽፌያለሁ። «እኔስ?» አለችኝ።

ይቅርታ ጠየቅኩ። እቅፍ አድርጋኝ አለቀሰች እንጂ አልተቆጣችም። ግን ያቺን ጥያቄ ይዤ ነው የምሠራው። ዛሬ የቀብር ወረቀት ሲሆን መጀመሪያ «ልጆቻቸው ስንት ናቸው?» ብዬ ቁጥሩን እጽፋለሁ፣ ከዚያ ስሞቹን፣ ከዚያ አንድ በአንድ መልሼ አነባለሁ። ቁጥሩ ካልገጠመ አይታተምም። ሌሊት ስምንት ሰዓትም ቢሆን።

አሁን ደግሞ ስለማይጻፈው።

የመጋቢው በር ከኔ ጠረጴዛ ቀጥሎ ነው። ለምክር የሚመጣ ሰው መጀመሪያ የሚያየው የኔን ፊት ነው። ትዳሩ የፈረሰበት፣ ልጁ ከቤት የወጣበት፣ ሥራ ያጣ፣ እምነቱ የተናጋበት፣ የሐኪም ውጤት ይዞ የመጣ። ተራው እስኪደርስ ከፊት ለፊቴ ይቀመጣል። ውሃ እሰጠዋለሁ፣ ሶፍት አቀርባለሁ፣ ዓይኔን ወደ ወረቀቴ እመልሳለሁ። ስልኩ ሲጮህ ድምፄን ዝቅ አደርጋለሁ። አንዳንዱ መጋቢው ጋ ሳይገባ እኔው ጋ ሁሉንም ነግሮኝ «ቀለል አለኝ» ብሎ ይሄዳል። የምክር አገልጋይ አይደለሁም፣ ምክርም አልሰጥም። ግን መስማት ሥራዬ ሆኗል።

ከዚያ እሑድ በሩ ላይ ትይዙኛላችሁ። «እገሌ ሐሙስ ቢሮ ነበረ አሉ፣ ምን ሆኖ ነው?» ለጸሎት ብላችሁ እንደሆነ አውቃለሁ። «አላውቅም» ብል እዋሻለሁ፤ «አልነግርም» ብል ነገር እንዳለ እናገራለሁ። ስለዚህ «እሱን ራሱን ጠይቁት፣ ደስ ይለዋል» እላለሁ። እባካችሁ ከዚህ አታስገድዱኝ። አንዳንዶቻችሁ ኩራት አድርጋችሁ ወስዳችሁታል። ኩራት አይደለም። ነገ እናንተም እዚያ ወንበር ላይ ልትቀመጡ ትችላላችሁ፣ ያን ቀን የናንተንም እንዲሁ እይዛለሁ።

ማን ምን ያህል እንደሚሰጥም አውቃለሁ፤ ደረሰኝ የምጽፈው እኔ ነኝ። ይህንንም ይዤ ሁሉንም ሰው እኩል ሰላም ማለት አለብኝ። ገንዘብ ግን ብቻዬን ቆጥሬ አላውቅም፣ ወደፊትም አልቆጥርም። ሁለት ሰው ቆጥሮ፣ ሁለት ሰው ፈርሞ ነው ወደኔ የሚመጣው። ቸኩላችሁ «አንቺን እናምናለን፣ ያዥው» ስትሉኝ እንቢ የምለው ለዚህ ነው። እምነታችሁ ለኔ ውድ ነው። የሚጠብቀው ግን ያ ሁለተኛ ፊርማ ነው።

ለአገልጋዮች አንድ ልመና አለኝ። «የሉም በይልኝ» አትበሉኝ። ደክሟችኋል፣ አውቃለሁ፤ በቀን ስንት ሰው እንደሚደውልላችሁ ከኔ በላይ የሚያውቅ የለም። እረፍት ላይ ከሆናችሁ «ዛሬ የእረፍት ቀናቸው ነው፣ ነገ ጠዋት ይደውሉ» ማለት እችላለሁ፣ ደስ ብሎኝ እላለሁ። ደዋዩ የሚሞት ሰው ያለበት ከሆነ ደግሞ እቀሰቅሳችኋለሁ። ይህን መለየት የኔ ሥራ ነው፣ እመኑኝ። ግን በቤተ ክርስቲያን ስልክ ውሸት አታናግሩኝ።

አንድ ጊዜ ኮምፒውተሩ ሞተ። ሠራተኛው ከፍቶ አየውና «ዲስኩ አልቋል፣ የሚወጣ ነገር የለም» አለኝ። የአባላት ዝርዝር፣ የመሸኛ ደብዳቤዎች፣ የዓመታት ቃለ ጉባኤ። ግልባጭ አስቀምጡ ብዬ ጽፌ ነበር፣ ውጫዊ ዲስክ እንዲገዛም ጠይቄ ነበር፣ ጥያቄው «ይታያል» ተብሎ ቀረ። ወቀሳ አይደለም፣ የሆነውን ነው የምናገረው። ከወረቀቱ ማኅደር እያወጣሁ እንደገና ጻፍኩት። ሁለት ወር ያህል ማታ ማታ።

ያን ሰሞን የነቢዩ ኤርምያስ ጸሐፊ የነበረው ባሮክ ብዙ ጊዜ ትዝ አለኝ። ኤርምያስ እየተናገረ እሱ በቀለም ጻፈ። ንጉሡ ኢዮአቄም በክረምት ቤቱ እሳት ፊት ተቀምጦ፣ በተነበበለት መጠን ጥቅልሉን በጸሐፊ ካራ እየቀደደ አቃጠለው። ባሮክ ሌላ ጥቅልል ይዞ ከመጀመሪያ ጻፈው፣ ሌላም ብዙ ቃል ተጨመረበት። ስለ ኤርምያስ መከራ ብዙ ሰምተናል። ያ ሁሉ ቃል ሁለት ጊዜ በእጁ ያለፈ ሰው ግን ስሙ ሲነሳ እምብዛም አልሰማሁም።

ሮሜ ምዕራፍ 16 ላይ ደግሞ የምወደው ቁጥር አለ፣ 22። መልእክቱን የጻፈው ጤርጥዮስ በራሱ ስም ሰላም ይላል። ጳውሎስ ይናገራል፣ ጤርጥዮስ ይጽፋል፣ መጨረሻ አካባቢ አንድ መስመር የሱ ናት። ጳውሎስ ያቺን መስመር አልከለከለውም። ያ ምዕራፍ የሚጀምረው ስለ ፌቤን አደራ በማለት ነው፤ መልእክቱን ሮሜ ያደረሰችው እሷ እንደሆነች ብዙዎች ያምናሉ። እንግዲህ አንዱ ጻፈ፣ አንዷ ተሸከመች፣ ሁለቱም በስማቸው ተጠሩ። እኔ ስሜ መድረክ ላይ ይጠራልኝ እያልኩ አይደለም። እጠላለሁም። የምለው፣ ይህ ሥራ ከጥንት ጀምሮ አገልግሎት ነው፤ እንደ አገልግሎት ያዙት። ለዘማሪ ሥልጠና አለ፣ ለሰንበት ትምህርት አስተማሪ ሥልጠና አለ። ለጸሐፊ ማን ምን አስተማረ? እኔ የተረከብኩት ቁልፍና አንድ መሳቢያ ሙሉ ወረቀት ነው። ከኔ በፊት የነበሩት እናት፣ ዕድሜ ይስጣቸውና፣ የማውቀውን ሁሉ በስልክ ነው ያስተማሩኝ። እሳቸው ባያነሱ ኖሮ የዛሬ ዐሥር ዓመት የጥምቀት መዝገቡ በየትኛው ቁም ሣጥን እንዳለ እንኳ አላውቅም ነበር።

ስለዚህ ወደ ስብሰባው ጥያቄ ልመለስ። ሁለት ሰው ምን ያደርጋል?

አንዷ ስትታመም ሌላዋ ማስረጃ ትሰጣለች። አንዷ ስትጽፍ ሌላዋ መልሳ ታነባለች፣ ስምንተኛዋ ልጅም አትቀርም። ባለፈው ሆስፒታል ገብቼ ዘጠኝ ቀን ስተኛ፣ አልጋ ላይ ሆኜ የመሸኛ ደብዳቤ ፋይል የት እንዳለ፣ የአዳራሹ መለዋወጫ ቁልፍ ምን ዓይነት ክር እንደታሰረበት፣ የትኛው ቤተሰብ ማክሰኞ ሊጠየቅ ቀጠሮ እንዳለው በስልክ ሳስረዳ ነበር። ነርሷ ስልኩን ቀማችኝ። ልክ ነበረች። ያኔ ነው የገባኝ፦ የቤተ ክርስቲያኑ ትዝታ በአንድ ሰው ጭንቅላት ውስጥ ተቀምጧል፤ ያ ሰው ደግሞ ሟች ነው።

ደመወዝ ጨምሩ አላልኩም፣ ባለሙያ ቅጠሩም አላልኩም። አቅማችንን አውቃለሁ፤ የሒሳብ ሪፖርቱን የምተይበው እኔ ነኝ። በሳምንት ሁለት ከሰዓት መጥቶ አጠገቤ የሚቀመጥ፣ ምሥጢር የሚይዝ፣ የእጅ ጽሑፉ የሚነበብ አንድ ሰው መድቡልኝ። ወጣትም ይሁን፣ ጡረታ የወጣ አባትም ይሁን። የማስታወቂያ መቀበያ ሐሙስ ማታ ይዘጋ፣ ከዚያ በኋላ የሚገባው የሞትና የድንገተኛ ብቻ ይሁን። የሚቆለፍ የብረት ቁም ሣጥን ይገዛ፣ የጥምቀትና የጋብቻ መዝገቡ እርጥበት ካለው ጓዳ ይውጣ። ግልባጩ ከቢሮው ውጪ በሌላ ቦታ ይቀመጥ። በሳምንት አንድ ቀን ደግሞ ስልኩን ሌላ ሰው ይያዝልኝ፣ እኔም እንደናንተ ልረፍ።

የሚቀጥለው ስብሰባ አጀንዳ እንደተለመደው እኔው ነኝ የማዘጋጀው። የተላለፈውን ጉዳይ ተራ ቁጥር 1 ላይ አድርጌዋለሁ። የመዝገቡ ጓዳ ቁልፍ ሁለት ነው፣ ሁለቱም እስከ ዛሬ እኔ ቦርሳ ውስጥ ናቸው። አንዱን ነቅዬ ለብቻው ፖስታ ውስጥ ከትቼዋለሁ፣ ይዤው እመጣለሁ። ፖስታው ላይ የማንን ስም እንደምጽፍ ንገሩኝ።

በጌታ ፍቅር፣
ጸሐፊያችሁ